ከኦሮማይ ቀጥሎ የትኛውን የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ ላንብብ? (ቀይ ኮከብ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ)

ማኪያቶ ነጭ
ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ቤተሰብ። ልቦለድ የማነብ ሰው አይደለሁም፤ ኋላ እንዳትስቁብኝ ቀድሜ ልናገር። ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬም 4 ፐርሰንት ላይ ሆኖ፣ የሚሠራ ነገር ሳጣ የእህቴ መደርደሪያ ላይ የነበረውን ኦሮማይ በሻማ ጀመርኩት። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። በነጋታው ቢሮ ዓይኔ ደም መስሎ ሲያዩኝ አለቃዬ «አሞሃል እንዴ? ሂድና ታከም» አሉኝ። አስመራ፣ ፊያሜታ፣ ስለላው፣ ሰው አፉ አንድ ነገር እያወራ ሆዱ ሌላ የሚያስበው... በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ እኔ የት ነበርኩ አልኩ።

ከዚያ ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚዘረጉት ጋ ሄድኩ። «የበዓሉ ግርማ ሌላ አለህ?» ስለው ልጁ አራት አወጣልኝ። ዓይኔ አንዱ ላይ ቀረ። የቀይ ኮከብ ጥሪ ይላል። ኦሮማይ የቀይ ኮከብ ዘመቻ (ደርግ ኤርትራ ውስጥ የከፈተው) ታሪክ ነው አይደል? ይሄ ደግሞ «ጥሪ» ነው። በቃ፣ ከዘመቻው በፊት ያለው ክፍል ነው፣ ቅጽ አንዱ ነው አልኩ በልቤ። ሳልከራከር ከፍዬ፣ እንደውም የረከሰልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ታክሲ ያዝኩ።

አሁን 60 ገጽ ገብቻለሁ። ፊያሜታ የለችም። አስመራ የለም። ስለ አብዮት ክርክር ነው፣ ደግሞ ክርክር ነው። ያው ሰውዬ ነው የጻፈው? እውነት አንድ ሰው ነው?

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ኦሮማይን የወደደ ሰው ቀጥሎ የትኛውን ይግዛ? አንድ ብቻ ንገሩኝ፣ ደሞዝ ገና ነው።


ጥራዝ ነጠቅ
ሰኞ ማታ 3:22

ሃሃሃሃ አቦ አትሳቀቅ። እኔም ሃይስኩል እያለሁ ልክ እንዳንተ ነው የመሰለኝ።

ዓመቶቹን እያቸው። የቀይ ኮከብ ጥሪ የወጣው በ1972 ነው። የቀይ ኮከብ ዘመቻ የተከፈተው በ1974። ኦሮማይ 1975። ታዲያ ገና ስላልታሰበ ዘመቻ እንዴት አድርጎ ይጽፋል፣ ነቢይ ነው? ቀይ ኮከብ ያኔ የአብዮቱ ምልክት ነበር፤ ፖስተር ላይ ሳይቀር የሚታይ። ስሙ ተመሳሰለብህ እንጂ ቅጽ አንድ ቅጽ ሁለት የሚባል ነገር የለም።

አንድ ብቻ ካልከኝ «ደራሲው» የሚለውን ልቦለዱን። ባለታሪኩ ሲራክ የሚባል ደራሲ ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን አይቶ ነው የቀረጸው ይባላል፣ ሁለቱም በጋዜጣና መጽሔት ቤት የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። የአንድ ጸሐፊን ጓዳ ገብተህ የምታይበት መጽሐፍ ነው። ብር የለውም፣ ሰላም የለውም፣ ግን ይጽፋል።


የአራት ኪሎዋ
ሰኞ ማታ 3:25

ከአድማስ ባሻገር። በቃ።


ጥራዝ ነጠቅ
ሰኞ ማታ 3:26

ለምን?


የአራት ኪሎዋ
ሰኞ ማታ 3:31

ለምን ይባላል እንዴ፣ ይነበባል እንጂ 😄


ልጅ እግር
ሰኞ ማታ 3:48

ከአድማስ ባሻገር እኔም እላለሁ፣ በተለይ መጨረሻው ላይ አበራ ጓደኛውን

[ጸሐፊው ራሱ አጥፍቶታል]


የአራት ኪሎዋ
ሰኞ ማታ 3:50

አንተ!!! ሰውየው ገና አልገዛውም እኮ!


ልጅ እግር
ሰኞ ማታ 3:52

ይቅርታ ይቅርታ። አጠፋሁት። ማኪያቶ፣ አላየህም አይደል?


ማኪያቶ ነጭ
ሰኞ ማታ 3:55

«ጓደኛውን» የሚለውን አይቻለሁ። ሠርጉ ላይ ሚዜ አደረገው ብዬ ልተኛ።


አዟሪው
ማክሰኞ ጠዋት 1:15

እኔ መጽሐፍ ሻጭ ነኝ። በፊት በእጄ ይዤ ከስታዲየም ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ለገሃር ካፌ ለካፌ እዞር ነበር፣ አሁን አንድ ቦታ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ የሻጩን ወገን ልያዝ። ልጁ አልሸወደህም። አንተ ነህ አንስተህ የከፈልከው።

ይሄ ነገር በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ኦሮማይን ያነበበ ሰው ተመልሶ ይመጣና «እንደሱ ያለ ስጠኝ» ይላል። እንደሱ ያለ የለም። በዓሉ ራሱ አንድ ጊዜ ነው የጻፈው። ድሮ ዝም ብዬ ቅርብ ያለውን አነሳላቸው ነበር። ሰውየው ይሄዳል፣ አይመለስም። አሁን አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው፦ ምኑን ወደድከው?

ስለላውን የወደደ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከበዓሉ ሌላ አያገኝም። እሱን ሌላ ደራሲ ጋ ነው የምወስደው። ፍቅሩን የወደደ ከአድማስ ባሻገር ይወስዳል። መምህር ከሆነ፣ ወይም ክፍለ ሀገር ተመድቦ የሠራ ሰው ከሆነ «ሀዲስ» የሚለውን እሰጠዋለሁ፣ እስካሁን አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ራሱ መጻፍ የሚሞክር ልጅ ከመጣ ደራሲውን። እነሱን ደግሞ ገና ሲመጡ አውቃቸዋለሁ፣ ዋጋ ሳይጠይቁ ቆመው ሃያ ገጽ ያነባሉ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ምኑን ነው የወደድከው?


ማኪያቶ ነጭ
ማክሰኞ ጠዋት 3:05

ቢሮ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ቶሎ ልበል። ጥያቄህ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ስለላው ልልህ ስል ግን እጄ ቆመ።

እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮሙኒኬሽን ክፍል ነኝ። ስሙን አልጠራም። ሥራዬ ዜና መጻፍ ነው። «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፋት ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ስልጠና ላይ ሰው ሳይመጣ ቀርቶ፣ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ፣ ፎቶ አንሺው ከፊት ለፊት አራቱን ረድፍ ብቻ አነሳና እኔ ከሥር «በርካታ ተሳታፊዎች» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ቤቴ ሄጄ እራቴን በላሁ። ምንም አልመሰለኝም።

ኦሮማይ ላይ ፀጋዬም እኮ ሥራው ያው ነው። የቴሌቪዥን ሰው ነው፣ ዘመቻውን ሊያሳይ፣ ሊያሞግስ ነው የሄደው። ከዚያ ዓይኑ የሚያየውና የሚሠራው ነገር አልገጥም እያለው ይሄዳል። እሱን ሳነብ ነው ያ ባዶ ወንበር ትዝ ያለኝ። እንጃ። ምናልባት የወደድኩት እሱን ነው።


አዟሪው
ማክሰኞ ጠዋት 3:20

እንግዲያው ከአድማስ ባሻገር ነው። የአራት ኪሎዋ ትክክል ናት፣ ለምን እንደሆነ ግን ትናገር።


የዶሮ ማነቂያ ልጅ
ማክሰኞ ቀን 7:40

እኔ ልናገርላት።

አበራ የቢሮ ሰው ነው። ደህና ሥራ፣ ደህና ደሞዝ፣ የተማረ። ሰው ሁሉ አግባ፣ ውለድ፣ ሰው ሁን ይለዋል። እሱ ደግሞ ልቡ ሥዕል ላይ ነው። ሥራውን ትቶ ልሳል ይላል። ይኸው ነው ነገሩ። ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አበሻ ቤት ውስጥ ግን «ሥራ ልለቅ ነው፣ ሠዓሊ ልሆን» ብለህ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሞክራት እስቲ። የእኔ ወንድም ሞክሯል። እማዬ ወጥ ማውጣቷን አቁማ ጭልፋውን እንደያዘች ነው ያየችው፣ ምንም አላለችም፣ ጭልፋው ብቻ ሰፌዱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ሌላው ነገር ኦሮማይ የአስመራ መጽሐፍ ነው። ከአድማስ ባሻገር የኛ ነው፣ የአዲስ አበባ። 1962 ነው የታተመው፣ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ እያሉ። ያኔ የነበረውን ከተሜ፣ ከውጭ ተምሮ የመጣውን፣ የሚጠጣውን፣ የሚደንሰውን፣ ሲሰለቸው የሚያወራውን ታያለህ። ሉሊት ከአሜሪካ ተምራ የመጣች ናት። ሱዛን ደግሞ የሰላም ጓድ ሆና የመጣች አሜሪካዊት። እኔ ያደግኩበት ሰፈር በ2016 ፈርሶ አሁን መንገድና ሣር ሆኗል፤ አንዳንዴ የድሮ አዲስ አበባ ስትናፍቀኝ የማነበው እሱን ነው። ሰፈሬን በስም ጠርቶት አይደለም። የሰዉ አነጋገር ውስጥ ስላለች ነው።

ግን ሁሉን ነገር አላሞግስም። ሴቶቹ ላይ ቅሬታ አለኝ። ኦሮማይ ላይ ሮማንን አስታውሳት፣ አዲስ አበባ የቀረችውን እጮኛውን። ምን ሠራች? ጠበቀች። ፊያሜታ ደግሞ እንደዚያ ሕይወት ያላት ሴት ሆና መጨረሻ ላይ ስለሷ ያለን ነገር ሁሉ ፀጋዬ ያየው ብቻ ነው። ሉሊትም ሱዛንም ያው ናቸው፣ በአበራ ዓይን ነው የምናያቸው። በዓሉ ዘውግ ይቀያይራል ትላላችሁ፤ ሴቶቹ ላይ ግን አንድ ነው እላለሁ።


ጥራዝ ነጠቅ
ማክሰኞ ቀን 8:02

ሴቶቹ ላይ አልስማማም። ፊያሜታ እኮ ከፀጋዬ በላይ ትዝ የምትል ገጸ ባሕርይ ናት። ሰው ኦሮማይ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው የማንን ስም ነው? ማኪያቶም ከላይ ከጻፈው ተመልከች፣ «ፊያሜታ የለችም» ብሎ ነው ያለቀሰው።


የዶሮ ማነቂያ ልጅ
ማክሰኞ ቀን 8:10

ትዝ ማለትና በራስ መቆም ለየቅል ነው። ሽቶም ትዝ ይላል።


ልጅ እግር
ማክሰኞ ቀን 8:11

ኧረ ይሄማ አንጀት የሚያርስ መልስ ነው 🔥


የጨነቀው አንባቢ
ማክሰኞ ቀን 9:30

ለምን አዳም ረታን አታነብም? ሕጽናዊነት የሚለው ነገር (ታሪኮቹን እርስ በርስ እያጠላለፈ የሚጽፍበት ስልቱ) ከገባህ በኋላ ሌላ ልቦለድ ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር ይመስልሃል። ከግራጫ ቃጭሎች ጀምር።


የአራት ኪሎዋ
ማክሰኞ ቀን 9:33

አዳምን እወደዋለሁ፣ ግን ልጁ የመጀመሪያ ልቦለዱን በሻማ የጨረሰ ሰው ነው። ቀስ እንበልለት። ደግሞ ጥያቄው ስለ በዓሉ ነው፤ ለአዳም የራሱን ርዕስ ክፈትና እዚያ እንመጣለን፣ እኔም አመጣለሁ ጓዜን።


ቲቸር
ማክሰኞ ማታ 2:15

እንደምን አመሻችሁ ልጆች። አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፣ ካረዘምኩ ታገሡኝ።

የመጀመሪያው የዘውግ ነገር ነው። ተማሪዎቼ ዘውግን እንደ ሱቅ መደርደሪያ ነበር የሚያዩት። ይሄ የፍቅር፣ ይሄ የወንጀል፣ ይሄ የፖለቲካ፤ ደራሲ ደግሞ አንዱን መደርደሪያ ይዞ እስኪሞት እዚያ መቀመጥ ያለበት ይመስላቸዋል። በዓሉ በመጀመሪያ ጋዜጠኛ ነው። መነን መጽሔትን አዘጋጅቷል፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ አዲስ ዘመንን፣ ሄራልድንም አዘጋጅቷል። ጋዜጠኛ «እኔ የምጽፈው ስለ ዝናብ ብቻ ነው» አይልም። ቀኑ ያመጣውን ይጽፋል። ልቦለዶቹን በዓመት ደርድሩና እዩዋቸው። በ1962 የተማረው የከተማ ወጣት ምን ይፈልጋል ይላል። በ1966 የሕሊና ደወል ላይ የተማረ ሰው ገጠር ወርዶ ምን ይፈይዳል ይላል። በ1972 አንድ መጽሐፉ አብዮቱን ያነሳል፣ በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው ደግሞ ደራሲ እንዴት ይኖራል፣ ለማንስ ይጽፋል ብሎ ይጠይቃል። በ1975 ጦርነቱ አለ። ጥያቄው ሲለወጥ የሚጻፍበት መንገድም አብሮ ተለወጠ።

ሁለተኛው የሒሳብ ነገር ነው። በዓሉ ስድስት ልቦለድ አለው ይባላል። ልክ ነው፣ ግን ገንዘብ የሚያንሰው ሰው ይሄን ይወቅ፦ ስድስት ርዕስ፣ አምስት ታሪክ ነው። የ1975ቱ ሀዲስ የሕሊና ደወል እንደገና ሲጻፍ የተገኘ ነው። ባለታሪኩ ያው አስተማሪው ሀዲስ ሳህሌ ነው፣ ቦታውም ያው ኢሉባቦር፤ በዓሉ ራሱ የተወለደበት አገር። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን ገዝታችሁ «ይሄን አንብቤዋለሁ እኮ» እንዳትሉ። አንዱን ብቻ የሚገዛ ሀዲስን ይግዛ። ሁለቱንም የሚያነብ ግን ሌላ ትምህርት ያገኛል፤ አንድ ጸሐፊ የራሱን ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ሲያየው ምን እንደሚያሳፍረው፣ ምን እንደሚቆርጥ፣ ምኑን እንደማይነካ ያያል። ለተማሪዎቼ የሁለቱን የመጀመሪያ ምዕራፍ ጎን ለጎን አስነብባቸው ነበር። ከሰዋስው ትምህርቴ ሁሉ ይልቅ እሱ የጠቀማቸው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ለማኪያቶ ነው። ልጄ፣ ስለ ባዶው ወንበር የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጻሕፍቱ የተለያዩ ቢመስሉም ውስጣቸው ያለው ሰውዬ አንድ ነው። አበራ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ ሀዲስ አስተማሪ፣ ሲራክ ደራሲ፣ ፀጋዬ ጋዜጠኛ። ሁሉም ደሞዛቸው የሚጠይቃቸው አንድ ነገር አለ፣ ሆዳቸው የሚጠይቃቸው ደግሞ ሌላ። በዓሉ ልብሱንና ከተማውን ይቀይርለታል እንጂ ሰውየውን አይለቀውም። አንተ የወደድከው እሱን ከሆነ የትኛውንም ብትገዛ ታገኘዋለህ።


ማኪያቶ ነጭ
ማክሰኞ ማታ 2:40

ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርገው ያስተማረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይሄን ሁሉ ዓመት ልቦለድ አልሸሽም ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ «የመጽሐፉ ጭብጥ ምንድነው፣ አራት ምልክት» ብቻ ነበር።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የቀይ ኮከብ ጥሪንስ ልተወው? 60 ገጽ ላይ ነኝ፣ ብሬም ያሳዝነኛል።


ቲቸር
ማክሰኞ ማታ 2:58

አሁን ተወው። ግን አትሽጠው።


የለገሃር ሰው
ማክሰኞ ማታ 3:30

የቀይ ኮከብ ጥሪን ሁሉም ሲረግጠው ዝም ብዬ አላይም።

አዎ፣ ይከብዳል። ሰዎቹ ብዙ ይከራከራሉ። አባቴ ግን ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፣ ይሄን መጽሐፍ ሲያነብ «እንዲህ ነበር የምናወራው፣ ቃል በቃል፣ ሻይ እየጠጣን» ይላል። እኛ ዛሬ ፖለቲካውን እናውቀዋለን፣ መጨረሻውን እናውቀዋለን፣ ስለዚህ ክርክሩ አሰልቺ ይመስለናል። ያን ጊዜ መጨረሻውን የሚያውቅ አልነበረም። ያ ነው የሚነበበው።

ደግሞ ከኦሮማይ ጋር አስተያዩት እስቲ። በ1972 እና በ1975 መካከል ሦስት ዓመት ነው ያለው። ጸሐፊው ያው ነው፣ እንጀራው ያው ማስታወቂያ ሚኒስቴር ነው፣ ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን የደረሰ ሰው ነው። አንዱ መጽሐፍ ላይ አብዮቱ ገና ትኩስ ነው። ሌላው ላይ፣ ርዕሱ ራሱ ይናገራል፣ ኦሮማይ። አስመራ ውስጥ ቃሉን ሰው እንዴት እንደሚለው የሰማ ያውቃል፤ አበቃለት፣ ከእንግዲህ ወዲያ ዋጋ የለውም እንደማለት ነው፣ ከጣሊያንኛ የመጣ። በሦስት ዓመት ከ«ጥሪ» ወደ «ኦሮማይ»። እኔ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ሳነብ ያስለቀሰኝ ይሄ ነው፣ ታሪኩ አይደለም።

የከፈለበትን ዋጋም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኦሮማይ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ሰውየው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።


የአራት ኪሎዋ
ማክሰኞ ማታ 3:41

ይሄን ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ያ የተሰበሰበው መጽሐፍ ዛሬ አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። በ2025 እንደ ፈረንጆቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ውጭ አገር ያለች የአጎቴ ልጅ፣ አማርኛ የማታነብ፣ እሱን ገዝታ ጨርሳ «ፊያሜታ እንዴት ነው የሚጠራው?» ብላ በድምፅ ላከችልኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ መለስኩላት።


አዟሪው
ረቡዕ ጠዋት 1:30

ማኪያቶ፣ ስትገዛ አንድ ምክር። ሻጭ ሆኜ ይሄን መናገር አልነበረብኝም ግን ልናገር።

የበዓሉ መጻሕፍት በጣም ስለሚሸጡ ፎቶኮፒው ብዙ ነው። ፎቶኮፒውን የምታውቀው በመሐል ገለጥ አድርገህ ነው። ወደ ስፌቱ በኩል ያለው ፊደል ይጎብጣል፣ ጥላ ይኖረዋል። ሽፋኑ አያታልልህ፣ ሽፋን ማሳመር ቀላል ነው።

ዋናው ግን የገጽ ነገር ነው። መጽሐፍ ሲሰፋ በጥራዝ በጥራዝ ነው፣ አንድ ጥራዝ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ነው። አንዱ ከተዘለለ 16 ገጽ በአንዴ ይጎድላል። ሰው ገዝቶ ይሄዳል፣ በአራተኛው ቀን ጀግናው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ ገጹን ሲገልጥ እስር ቤት ያገኘዋል። «ምን ዓይነት ደራሲ ነው ሳይነግረን የሚያስር» ብሎ የተናደደብኝ ደንበኛ ነበረኝ፣ እውነቴን ነው። ስለዚህ ሁሉንም ገጽ አትቁጠር። 16፣ 32፣ 48 እያልክ ግርጌውን ብቻ እያየህ ዝለል። ሻጩ ቢቆጣህ ዝም በለው።


ልጅ እግር
ረቡዕ ጠዋት 1:44

ጥራዝ ነጠቅ ማለት ለካ 16 ገጽ የጎደለው ሰው ነው 😂😂


ጥራዝ ነጠቅ
ረቡዕ ጠዋት 1:50

እኔ እንኳ 32 ነው የጎደለኝ።


የዶሮ ማነቂያ ልጅ
ረቡዕ ጠዋት 2:05

ብር ካጠረህ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደህ ጠይቅ፣ መግቢያው ነፃ ነው። ቅዳሜ ወንበር ለማግኘት ግን በጠዋት ነው። እኔ አንዴ 4 ሰዓት ሄጄ ቆሜ ነው ያነበብኩት።


ማኪያቶ ነጭ
ቅዳሜ ማታ 1:20

ተመለስኩ። ደሞዝ ወጣ።

ዛሬ ከሰዓት ያው ልጅ ጋ ሄድኩ፣ ብሔራዊ። ከአድማስ ባሻገር አልኩት። ሁለት ኮፒ ነበረው። አንደኛው አዲስ የሚመስል፣ ሽፋኑ የሚያብለጨልጭ። ሁለተኛው አሮጌ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለልደትሽ» የሚል ተጽፎ ስሙ ተፍቆ። በአዟሪው ምክር ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ወንድሜ ኦዲት ነህ እንዴ?» አለኝ። ሰዎች ቆመው ያያሉ። ላቤ መጣ። የሚያብለጨልጨው ላይ 96 ብዬ ስገልጥ የሚቀጥለው ገጽ 113 ነው። አሳየሁት። ልጁ ራሱ ደነገጠ፣ ተቀብሎ እንደኔ መቁጠር ጀመረ። ባለ ፕላስተሩን ቀነሰልኝና ይዤ መጣሁ።

40 ገጽ አንብቤያለሁ፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው የጀመርኩት። አበራን ገና ሳውቀው ነው፣ ግን ልናገረው የምፈልገው ነገር ከአሁኑ በዛ። የዶሮ ማነቂያ ልጅ፣ ሴቶቹን አንቺ ባልሽው ዓይን ላያቸው እየሞከርኩ ነው፣ ስጨርስ እንከራከራለን። የቀይ ኮከብ ጥሪ ደግሞ አልተሸጠም ቲቸር፣ አልጋዬ ሥር ነው፣ ካርቶን ውስጥ።

አንድ ችግር ብቻ አለ። እህቴ ዛሬ ኦሮማይዋን አየችው። ገጽ 200 አካባቢ ሻማው ፈስሶበት ሦስት ገጽ ተጣብቋል። ቢላ ሞቅ አድርጌ ላላቅቀው ስል ባሰበት። አሁን ሳሎን ተቀምጣ አታናግረኝም። አዟሪው፣ ኦሮማይ አለህ?


አዟሪው
ቅዳሜ ማታ 1:34

አለ። ሰኞ 11 ሰዓት ና። ግን ቁጠረው።